ጨረቃን ማን ብለን እንጠራታለን?

ለዚህ ጊዜ ጥናት የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጅ ጥያቄ ይመስላል። በእርግጥም የመጣው ከልጅ ነው። ለታናናሾቻችን የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ስናስተምር አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጁፒተር ስም አለው፤ ማርስም ስም አላት፤ የእኛ ጨረቃ ስሟ ማን ነው?» ሲል ጠየቀን። ስሟ ጨረቃ ነው ብለን መለስን። እሱ ግን በዚህ አልተመለሰም፤ «ጁፒተርም ጨረቃዎች አሉት ተብለን ተምረናል፤ እነዚያም ጨረቃ ከተባሉ የእኛዋ የራሷ ስም የታለ?» አለ። ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር፤ ይሁን እንጂ ሦስት እሑድ ወሰደብን። ያገኘነውንም በአጭሩ ልናካፍላችሁ ወደድን።

እንደሚታወቀው በነቀምትም ሆነ በግምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚያድግ ልጅ ለአንዲቱ ጨረቃ አንድ ስም ብቻ ይዞ አያድግም። በቤቱ ከእናቱ አፍ የሚሰማው አዴሳ ወይም ጂአ ነው። ገና ብቅ ያለችውን ቀጭኗን ደግሞ ባቲ ይሏታል። በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ሲሰማ ጨረቃ ትሆንለታለች። ወደ ቅዳሴው ቀረብ ያለ እንደሆነ ወርኅ የሚለውን የግዕዝ ቃል ያገኛል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ የሳይንስ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሌላ ስም ይሰጠዋል። እንግዲህ ልጁ ስም አጣ ማለት አይቻልም፤ ይልቁንስ ስሙ በዝቶበታል። ጥያቄው እያንዳንዱ ስም ምን ይዞ ይመጣል የሚለው ነው።

ከግዕዙ እንጀምር። ወርኅ ማለት ጨረቃም ነው፣ የጊዜ መቁጠሪያው ወርም ነው። አንድ ቃል ለሁለቱም ያገለግላል። ትግርኛም ይህንኑ ጠብቆ ወርሒ ይላል። የዕብራይስጡም ቃል የዚሁ ዘመድ ሲሆን ያሬሕ ሲባል ጨረቃ፣ ዬራሕ ሲባል ወር ነው። በስዋሂሊ ምዌዚ፣ በቱርክኛ አይ ሁለቱንም ይገልጻሉ። የእንግሊዝኛውም የወር ስም ከጨረቃ ስም የመጣ ነው። በአጠቃላይ የጥንት ሰው በየትም አገር ቢሆን ጨረቃን አይቶ ወርን ቆጠረ፤ የቆጠረበትንም በቆጠረው ስም ጠራው።

አማርኛችን ግን እዚህ ላይ መንገዱን ለየት አድርጓል። ከወርኅ ውስጥ ወር የሚለውን ለጊዜው ወሰደና በሰማይ ላለችው ጨረቃ የሚል ሌላ ስም ሰጠ። በዚህም የተነሣ አማርኛ ተናጋሪው «ወር» ሲል ጨረቃ ትዝ አትለውም። የደመወዝ ቀን፣ የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ መክፈያ ነው ትዝ የሚለው። በኦሮምኛ ግን ጂአ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ሁለቱንም አቅፎ እንደ ያዘ ነው። እኛ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ተወያይተናል፤ ምክንያቱም ከመካከላችን አንዳንዶቹ የቤታቸውን ቃል «የገጠር ቃል ነው» ብለው በክፍል ውስጥ ለመናገር ያፍሩ ነበር። እንግዲህ ሊቁ በግዕዝ ተምሮ የሚያገኘውን ነገር፣ ወር ማለት ጨረቃ መሆኑን፣ የእኛ አያት ምንም ሳትማር በአፏ ይዛው ትኖራለች። ይህ የሚያሳፍር ሳይሆን ሰው ደረቱን ነፍቶ ሊናገረው የሚገባ ነገር ነው።

ለመሆኑ ጨረቃና ወር ምን ያህል ይስማማሉ? ጨረቃ ከአንድ ሙላት እስከ ሌላው ሙላት ድረስ የሚፈጅባት ጊዜ 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። የእኛ የቀን መቁጠሪያ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። በአሥራ ሁለቱ የጨረቃ ወራት 354 ቀን ይሆናል፤ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ልዩነቱ 11 ቀን። ይህች 11 በባሕረ ሐሳብ የምትታወቅ ቁጥር ናት፤ የአበቅቴ ስሌት ከእርሷ ይነሣልና። አባቶቻችን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ጋር አያይዘው ባቆዩልን በዚህ ቀመር፣ ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ሆኗል። ሁለቱ ተደምረው ምንጊዜም 30 ይመጣሉ። ከዚህም ተነሥቶ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ላይ ውለዋል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑን የሚለዋውጠው እንግዲህ ጨረቃን ስለሚከተል ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የረመዳንን መግቢያና መውጫ በጨረቃ ይለያሉ፤ ረመዳንም በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሸሸ ይመጣል። ያችው የአበቅቴዋ 11 ናት። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላው ደብተራና በግምቢ ወይም በነቀምት የረመዳንን ጨረቃ የሚጠብቀው ጎረቤቱ አንዲቱን ጨረቃ ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንምጣ። ስሙ ለምን ይጠቅማል የሚለን ሰው ቢኖር ከሁሉ በላይ የሚመልስለት ይህ ነውና ትንሽ እንቆይበት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መባቻ የሚል ቃል ደጋግመን እናገኛለን። ዛሬ በእኛ አነጋገር መባቻ ማለት ወር በገባ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ የጥቅምት መባቻ ብንል ጥቅምት 1 ማለታችን ነው። በዚያ ቀን ጨረቃ ሙሉ ትሁን፣ ግማሽ ትሁን፣ ጭራሹን አትኑር፣ የሚጠይቅ የለም። በጥንቱ የእስራኤል ሕዝብ ዘንድ ግን መባቻ የተባለው አዲሲቱ ጨረቃ የምትታይበት ቀን ነበር፤ በኦሪት ዘኍልቍ 28 የተለየ መሥዋዕት የታዘዘለትም ስለዚሁ ነው። ስለዚህ ቃሉን በቀን መቁጠሪያችን ቁጥር 1 ብለን ብቻ ካነበብነው ሰማዩ ከታሪኩ ውስጥ ይወጣብናል ማለት ነው።

ለምሳሌ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 20 ያለውን የዳዊትንና የዮናታንን ታሪክ አስቡ። ነገ መባቻ ነው፤ ንጉሡ ግብር ያበላል፤ የዳዊት ቦታ ግን ባዶ ይሆናል። ዳዊት ደግሞ በሜዳ ተሸሽጎ ይቆያል። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ነገር ግን መባቻ ማለት ጨረቃ እንደ ክር የምትቀጥንበት፣ ማታ ብቅ ብላ ወዲያው የምትጠልቅበት ጊዜ መሆኑን ስናውቅ ዳዊት በሜዳ ያሳለፋቸው ሌሊቶች ምን ያህል ጨለማ እንደ ነበሩ ይገባናል። በገጠር አድሮ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን አይስተውም፤ መብራት በሌለበት ሜዳ የሙሉ ጨረቃ ሌሊትና የመባቻ ሌሊት አንድ አይደሉም። ለተደበቀ ሰው ጨለማው መሸሸጊያም ነው፤ ፍርሃትም ነው።

የፋሲካው ሌሊት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የአይሁድ ፋሲካ የሚታረደው በወሩ በ14ኛው ቀን ማታ ነው። ወሩ የጨረቃ ወር ስለሆነ በዚያ ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ናት። እንግዲህ ጌታችን በጌቴሴማኒ የጸለየበት ሌሊት የፋሲካ ሰሞን ሌሊት በመሆኑ፣ ደመና ካልኖረ በቀር፣ የጨረቃ ብርሃን የሞላበት ነበር ማለት ነው። ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 18 ሊይዙት የመጡት ችቦና ፋና ይዘው እንደ ነበር ይነግረናል። በሙሉ ጨረቃ ችቦ መያዛቸው ምናልባት ከዛፎቹ ሥር ተደብቋል ብለው አስበው ይሆናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ አለ። በስቅለቱ ቀን ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሆነውን ጨለማ አንዳንድ ሰዎች «የፀሐይ ግርዶሽ ነበር» ይላሉ። ይህ ሊሆን አይችልም። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትገባ፣ ማለትም በጨረቃ ወር መለወጫ ላይ ብቻ ነው። በፋሲካ ጨረቃ ሙሉ ስለሆነች ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን ናት። ደግሞም ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የምትጋረድበት ጊዜ ቢረዝም ከስምንት ደቂቃ አይደርስም እንጂ ሦስት ሰዓት አይቆይም። ይህን መልስ ለመስጠት የሥነ ፈለክ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ወር ማለት ጨረቃ መሆኑን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ስሙ ውስጥ ዕውቀቱ ተቀምጧል።

ወደ ኦሪት ዘፍጥረት ስንመለስ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘን። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ጨረቃ በስሟ አልተጠራችም። ፀሐይም እንዲሁ። የተባሉት ታላቁ ብርሃንና ታናሹ ብርሃን ነው። መምህራን ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ የሚያሳምን ይመስለናል፤ ይኸውም በዙሪያ የነበሩ ሕዝቦች ፀሐይንና ጨረቃን በእነዚያው ስሞች ያመልኩ ስለ ነበር ነው። በኡጋሪት ከተማ ፍርስራሽ የተገኙት የሸክላ ጽሑፎች ያሪኽ የሚባል የጨረቃ አምላክ ያነሣሉ፤ ይህም የእኛው ወርኅ ዘመድ የሆነው ቃል ነው። ሙሴ ስሙን ትቶ ብርሃን ብቻ ሲላት አምላክነቷን ነሥቶ ሥራዋን ብቻ ተወላት ማለት ነው። በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ቀደም ሲል በራሳቸው ላይ ክብና የጨረቃ ቅርጽ ነበራቸው፤ በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በዚያው ስፍራ መስቀል ገባ። ጨረቃ ከሳንቲሙ ወረደች እንጂ ከሰማይ አልወረደችም፤ ከወር አቆጣጠርም አልወጣችም።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ ሥራቸው እዚሁ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ወደ ባርነት ተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጡ ሲሆን፣ የሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ አገር በቅዱስ ክሪስኮና ታትሞ ወጣ። በቋንቋው ሥራ አስቴር ጋኖ ብዙ ረድተዋቸዋል። ኦኔሲሞስ በኋላ ወደ ነቀምት መጥተው እያስተማሩ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 በዚሁ አረፉ። መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የልጁ ጥያቄ ከፊደል ጋር የሚገናኝበት ነገር አለና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1610 ድረስ በዓለም ላይ የሚታወቀው አንድ ጨረቃ ብቻ ስለ ነበር የስም ችግር አልነበረም። በዚያ ዓመት ጋሊሊዮ የተባለው ጣሊያናዊ በመነጽር ሲመለከት በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ትናንሽ አካላት አየ። ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እነዚህን ሳተላይት ብሎ ጠራቸው፤ በላቲን አጃቢ፣ የጌታ ተከታይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። ማርስ ሁለት አሏት፤ የሳተርን ብቻ እ.ኤ.አ. በ2025 የተመዘገቡት 274 ደርሰዋል። ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዱ የሆነው ጋኒሜድ ሜርኩሪ ከምትባለው ፕላኔት ይበልጣል። ለእነዚህ ለየራሳቸው ስም ሲወጣላቸው የእኛዋ ግን የወል ስሟን ይዛ ቀረች። እንደ አንድ ልጅ እናት መሆኑ ነው፤ አንድ ብቻ ሳለ «ልጄ» ቢባል ይበቃል፤ ሲበዙ ነው ስም የሚያስፈልገው።

እንግሊዞች ይህን ችግር በጽሕፈት ፈቱት። የእኛዋን ጨረቃ በትልቁ ፊደል፣ የሌሎቹን በትንሹ ፊደል ጀምረው ይጽፋሉ። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበርም ይህንኑ ይቀበላል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ለእኛ አይሆንም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም! ሀ ሁልጊዜ ሀ ነው፤ ለንጉሥም ለድሀም እኩል ይጻፋል። በኦሮምኛ ግን ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ስለዋለ በትልቁ ፊደል መለየት ይቻላል። እንግዲህ ወንድማችን በኦሮምኛ ሲጽፍ የሚለየውን በአማርኛ ሲጽፍ ሊለየው አይችልም ማለት ነው። በቃል ሲናገሩት ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ልዩነቱ አይሰማም፤ ትልቅ ፊደል ጆሮ ውስጥ አይገባምና።

በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «የሌሎቹን ሳተላይት እንበላቸው፣ ጨረቃ የሚለው ስም ለእኛዋ ብቻ ይቅር» አሉ። አሳባቸው ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሳተላይት የሚለው ቃል በእኛ ከተማ ትርጉሙ ሌላ ሆኗል፤ በየቤቱ ጣሪያ ላይ የተተከለው የቴሌቪዥን ሳሕን ነው። ከዚያ ከፍ ካለም ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያመጠቀቻት የመሬት ምልከታ መንኰራኩር ትታሰባለች። ለአንድ ሕፃን «ጨረቃ የምድር ሳተላይት ናት» ብንለው ማን ገጠማት ብሎ ይጠይቀናል። ሌሎች ደግሞ አጃቢ የሚለውን አማርኛ አቀረቡ። እኛም ሳቅን፤ ጨረቃን የባለሥልጣን ዘበኛ አስመሰላት። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የታየን ባለቤቱን እየጠሩ መናገር ነው። የጁፒተር ጨረቃዎች፣ የማርስ ጨረቃዎች እንላለን፤ ባለቤት ሳይጠራ ጨረቃ ብቻ ሲባል ግን የእኛዋ ናት። ለዚህም ቋንቋው ራሱ ይረዳናል፤ «ጨረቃ ወጣች» ያለ ሰው የማን ጨረቃ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

በኦሮምኛ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጁፒተር ጂአ ቢባል የሚሰማው የጁፒተር ወር ብሎ ሊረዳ ይችላል። ጂአ ሁለቱን አቅፏል ብለን ያመሰገንነው ቃል እዚህ ላይ ያደናግራል። ስለዚህ በሰማይ ላለው አካል አዴሳ፣ ለጊዜው ጂአ ብሎ መለየት ይሻላል የሚል አሳብ ላይ ደርሰናል። አዴሳ የሚለው ስም ነጭ ከሚለው አዲ ጋር የተዛመደ ይመስለናል፤ በኅዳር ሌሊት የነቀምትን ጨረቃ ያየ ሰው ለምን ነጭ እንዳሏት አይጠይቅም።

የኦሮሞ ሕዝብ ጨረቃን በስም ብቻ አላወቃትም። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ በቦረና የቀን አዋቂዎቹ አያንቱ ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን እያዩ 12 ወራት ይቆጥራሉ። ለቀናቱም 27 ስሞች አሏቸው፤ ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን ስሞቹ አልቀው እንደገና ይጀምራሉ። የሚገርመው ነገር የእነዚያ የጨረቃ ወራት ስሞች፣ ቢቶተሳ፣ ጫምሳ፣ ሳዳሳ፣ አማጂ፣ ጉራንደላ የሚባሉት፣ በእኛ አካባቢ ዛሬ ለፀሐይ ወራት ስም ሆነው ማገልገላቸው ነው። መጋቢት ቢቶተሳ ተብሏል። እንግዲህ ስሞቹ ከጨረቃ ወርደው በግድግዳ ላይ ወደሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ገቡ። ልክ መባቻ በአማርኛ እንደሆነው ማለት ነው። ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ስም እንዲህ መሄድ ልማዱ ነው። ግን ከየት እንደመጣ ካልተጻፈ ከሁለት ትውልድ በኋላ የሚያውቀው አይገኝም።

በጉዞ ላይ ያለ ስም ካነሣን የከተማችንን ራሷን መጥቀስ ይቻላል። በድሮው አማርኛ ለቀምት ተብላ ትጻፍ ነበር፤ ዛሬ ነቀምት ወይም ነቀምቴ ነው። ቡናችን ግን በውጭ ገበያ በአሮጌው ስም ለቀምት እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል። የከተማዋ ስም ተለወጠ፤ ጆንያው ላይ ያለው ስም ቆየ። ደግሞ ቡና ራሱ ወደ ሰማይ ወጥቷል። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ሰጥቶ ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተብለዋል። ኮከቡ የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፤ ግሪኮች በተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጓታል። አቦል በዓይን አይታይም፤ ከጁፒተር የከበደ ግዙፍ ፕላኔት ነው። ቶናና በረካ ገና ይቀራሉ ብለን በክፍላችን ቀልደናል።

ለጨረቃስ እንዲህ ያለ አዲስ ስም ይውጣላት ወይ? ከመካከላችን ይህን የፈለጉ ነበሩ። አብዛኞቻችን ግን አያስፈልጋትም አልን። ጨረቃ 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለች በቋንቋችን ውስጥ እንደ ጎረቤት ገብታለች። ሌሊት ዘግይታ የምትወጣውን ጠፍ ጨረቃ እንላታለን። ያለ ፈቃድ በሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ የተገኘውን ቤት የጨረቃ ቤት እንለዋለን፤ ምስኪኗ ጨረቃ በማታውቀው ጉዳይ ለሕገ ወጥ ግንባታ ስሟ ተሰጠ! በአማርኛ ደግሞ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ሲባል በምልክቱ ላይ ያለችው ቀጭኗ ጨረቃ ናት፤ ለእርሷ ለብቻዋ የሚሆን የዘወትር ቃል አማርኛ ስለሌለው ሙሉዋም ጎዶሎዋም ጨረቃ ይባላሉ። ባቲ የሚለው የኦሮምኛ ቃል እዚህ ላይ ጥሩ ብድር ይሆን ነበር።

ስለ ቀጭኗ ጨረቃ ካነሣን አይቀር፤ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የምትሳለው ጨረቃ ጎኗን ሰጥታ እንደ ማጭድ የቆመች ናት። ሥዕሉ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እኛ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ፣ ነቀምት በሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ናትና፣ አዲሲቱ ጨረቃ ብዙ ጊዜ የምትታየን በጀርባዋ ተኝታ፣ ሁለቱን ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ነው። ልጆቻችን ግን ጨረቃ ሣሉ ሲባሉ የመጽሐፉን ይሥላሉ። ወደ ደጅ ወጥተው ያዩትን እንዲሥሉ ብናደርግ መልካም ነው። በክረምት እንኳ አይሆንም፤ የወለጋ ደመና ለብዙ ሌሊት ይሸፍናታል። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ቀልታ በነበረ ጊዜም ደመና የሸፈነበት አካባቢ ሰው አላያትም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ግን በላሊበላ ፀሐይ ቀለበት ሆና፣ በሌላው አገር ተቆርሳ ታይታለች። ያን ቀን ሁላችንም ፀሐይ ተጋረደች አልን። የጋረደቻት ጨረቃ መሆኗን አስቦ ስሟን የጠራ ጥቂት ሰው ነው።

ለሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ሥራ ይዛችሁ እንድትመጡ እንለምናለን። አያቶቻችሁን፣ በተለይ በአርጆ፣ በስሬ፣ በቦጂና በሌላውም ገጠር ያሉትን ጠይቁ። ጨረቃ ቀጭን ስትሆን፣ ስትሞላ፣ ስትጎድል፣ ጨርሶ ስትጠፋ ምን ምን ይሏታል? በየትኛዋ ጨረቃ ዘር ይዘራ ነበር? እንጨትስ በየትኛዋ ይቆረጥ ነበር? አባባሉን እንደ ሰማችሁ ጻፉት፤ በኦሮምኛ ከሰማችሁት በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ከሆነም በአማርኛ፤ የሰፈሩንም ስም ጨምሩበት። አሥር ቃላት እንኳ ብናገኝ በሚቀጥለው እትም በአንድ ገጽ እናወጣቸዋለን። ለዚያ ለጠየቀን ልጅም ከገጹ አንድ ቅጂ እንሰጠዋለን፤ እስካሁን የሰጠነው መልስ ግማሹን ብቻ ነውና።